አዲሱ ሆስፒታላችን ሳይመረቅ ለኤጀንሲ ሊሰጥ ነው? እስቲ የምታውቁ ተናገሩ

ታች ሰፈር (ጥያቄውን ያቀረበው)

ሰላም ለዚህ ቤት። የከተማዬን ስም አልጠራም። የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁኝ ደግሞ የየትኛውም ከተማ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ለሆስፒታሉ መዋጮ የተጀመረው እኔ ተማሪ እያለሁ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር። በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥ እናቴ ስታጉረመርም ትዝ ይለኛል። ገበሬው በግ ሸጦ ሰጥቷል። ነጋዴው ሲሚንቶ አምጥቷል። እድራችን ሳይቀር ከካዝናው አውጥቶ አዋጥቷል። አሁን ሕንጻው አለቀ። ቀለም ተቀባ፣ አልጋ ገባ፣ የቀረው ምርቃቱ ነው።

ባለፈው እሁድ እድር ላይ ቁጭ ባልንበት አንድ ወሬ መጣ። ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ ላውንደሪውና የታካሚ ምግቡ «ለሦስተኛ ወገን» ሊሰጥ ነው አሉ። ይሁን ብለን ዝም አልን። ቀጥሎ ደግሞ ፋርማሲውንና ሲቲ ስካኑን ባለሀብት ሊይዛቸው ነው ተባለ። ይኼኔ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አንዱ አባት «ድንጋይ የተሸከምነው ለሰው ሱቅ ልንሠራ ነው?» አሉ። መልስ የሰጠ ሰው የለም።

በጭፍን ልቃወም አልመጣሁም። መንግሥት የያዘው ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው የመንግሥት ሆስፒታል ሽንት ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ግን ይኼ ነገር በሕግ ይፈቀዳል? ሌላ ቦታ ተሞክሮ ምን ሆነ? ሐሙስ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም።

ደረሰኝ ቁጠሩ

የሕጉን እኔ ልመልስልህ፤ እንጀራዬ ነው። የጤና ፋይናንስ ላይ ነው የምሠራው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂው የጸደቀው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሆስፒታሎች ከካርድና ከመድኃኒት የሰበሰቡት ብር ተጠርጎ መንግሥት ካዝና ይገባ ነበር። አምፖል ቢቃጠል ከሰበሰቡት ላይ አንስተው አይገዙም። ስትራቴጂውን ተከትሎ ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ አወጡ። ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ይዘው እንዲሠሩበት ተፈቀደ፤ ቦርድ ተቋቋመላቸው። መክፈል ለማይችል ሰው የነፃ ሕክምና አሠራር ተበጀ። ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ሆነ። ፕራይቬት ዊንግ የምንለውም (መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ከፍ ባለ ክፍያ የሚሰጠው ሕክምና) የዚያው ለውጥ ልጅ ነው። ሕክምና ነክ ያልሆኑ አገልግሎቶችን በውል ለሌላ ድርጅት መስጠትም ከተፈቀዱት አንዱ ነው። ስለዚህ ጽዳቱን ለኤጀንሲ መስጠት ሕገ ወጥ አይደለም።

የሲቲ ስካኑ መንገድ ግን ሌላ ነው። ባለሀብቱ የራሱን ገንዘብ አፍስሶ ለረጅም ዓመት የሚሠራበት ከሆነ የመንግሥትና የግል አጋርነት ይባላል። የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1076/2010። ሁለቱን አትደባልቁ። የጽዳት ውል ካልተመቸህ ጊዜው ሲያልቅ አታድሰውም። አጋርነቱ ግን ሰማንያ ነው። መፋታት ቢቻልም ንብረት ይዞ ይሄዳል።

ማኪያቶ ነጭ

የመሥሪያ ቤታችን ካፌ ለሦስተኛ ወገን ከተሰጠ ወዲህ ሻዩ ውኃ ውኃ ይላል። የማውቀው ይህንኑ ነው። በሉ ቀጥሉ።

ሲስተር ነኝ

ደረሰኝ ቁጠሩ፣ «ሕክምና ነክ ያልሆነ» የምትለዋ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ። መጥፎው ሁሉ የሚገባው በእሷ በኩል ነው።

የባንክ ወለል መወልወልና የማዋለጃ ክፍል ወለል መወልወል በአንድ ስም ስለተጠሩ አንድ ሥራ አይደሉም። እኛ ጋ ደም የነካው ነገር መጀመሪያ 0.5 በመቶ በሆነ በረኪና ይደረጋል። ሱቅ የሚሸጠው 5 በመቶው ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ነው። ዕቃውን ለዐሥር ደቂቃ ትዘፈዝፊዋለሽ። ከቀጠነ አይገድልም፤ ከበዛ ብረቱንም እጅሽንም ይበላል። ቢጫው ባልዲ ለተበከለው፣ ጥቁሩ ለተራው ቆሻሻ ነው። መርፌ ደግሞ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ። ይህንን የምታውቅ የጽዳት ሠራተኛ ለእኔ ባልደረባዬ ናት። የማታውቅ ከመጣች ግን እሷም እኔም በሽተኛውም አደጋ ላይ ነን።

ከሥልጠናው በላይ ያስቸገረን መለዋወጡ ነው። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ሆስፒታል (ስሙ ይቆይ) ጽዳቱን ለኤጀንሲ ሰጠ። አስተምሬያት ገና እጇ ሲፍታታ ሌላ ትመጣለች። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሦስተኛውን እኛው ዘንድ ሆና የወሰደች የኤጀንሲ ልጅ አላየሁም።

አንድ ሌሊት ደግሞ አንዷን ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የነበረ መርፌ ወጋት። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ መርፌውን እዚያ የጣለው ባለሙያ ነው። ለኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ ዋጋ የለውም። የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ስልክ አያነሳም። ልጅቷ የእኛ ሠራተኛ ስላልሆነች ማን ይፈርምላት የሚል ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ እኔው ካርድ አውጥቼ አስጀመርኳት። ልጅቷ እያለቀሰች የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ? «ሲስተር፣ ለነገ ፈረቃ ካልመጣሁ ይቆርጡብኛል?»

ጡረተኛው

ሲስተር፣ እጅ ነሥቻለሁ። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የሌላኛውን ወገን ጉድ እኔ ልንገራችሁ፤ ለብዙ ዓመት የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ።

የራሳችን የጽዳት ሠራተኞች ሳሉስ ንጹሕ ነበርን ወይ? አልነበርንም። አንዲት ሠራተኛ ጡረታ ወጣች፤ በእሷ ቦታ ሰው ለመቅጠር ፈቃዱን ስጠብቅ በጀት ዓመቱ አለቀብኝ። ጎበዟ ከደመወዙ ማነስ የተነሣ ትሄዳለች። የማትሠራዋ ደግሞ አትነካም፤ ማስጠንቀቂያ ብጽፍላት የአጎቷ ልጅ ከወረዳ ይደውላል። ላውንደሪ ማሽኑ ሲበላሽ አንሶላ በእጅ ያጠቡ እናቶችን አስታውሳለሁ፤ ክረምት ላይ አንሶላው ሳይደርቅ አልጋ ላይ ይነጠፍ ነበር። ኤጀንሲ ሲመጣ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አገኘሁ።

ግን ልክ ናችሁ፣ ጨረታው ላይ ተሸወድኩ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ያ ዋጋ ለሠራተኞቹ ደሞዝና ለሳሙና አንድ ላይ አይበቃም። ታዲያ ከየት ነው የሚያተርፈው? ወይ ከሳሙናው ወይ ከሴቶቹ። ከሁለቱም ሆኖ አገኘሁት።

በሁለተኛው ውል አንድ ነገር አስገባሁ። የየዋርዱ ኃላፊ ነርስ የጽዳቱን ቅጽ በየቀኑ ትሞላለች፤ ሜትሮኗ (የነርሶቹ ሁሉ አለቃ) ካልፈረመች ፋይናንስ አይከፍልም። ኤጀንሲው ጮኸ። በሁለተኛው ወር ግን በረኪናው መድረስ ጀመረ።

ሲስተር ነኝ

ጋሼ፣ እንደርስዎ ያለ ሥራ አስኪያጅ ቢኖረኝ ኖሮ ክርክሩን ግማሹን እተወው ነበር። ሜትሮኗ ትፈርም የሚለው ትልቅ ነገር ነው። እኛ ጋ የሚፈርመው ዋርድ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነበር።

የፋንቱ ልጅ

እስካሁን የተናገራችሁት ስለ እናቴ ነው፤ ስለዚህ እኔም ልናገር።

እናቴ የመንግሥት ሆስፒታል ታጸዳለች፤ ደሞዟ ግን ከኤጀንሲ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆነ ተብሎ በዜና ሲነገር ቤት ውስጥ አብረን ሰማን። «እኔንም ይጨምራል?» አለችኝ። አይጨምርም። የግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን የለውም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ እኛ እዚህ እየጠበቅን ነው። አንድ ኮሪደር ላይ፣ አንድ ዓይነት መጥረጊያ ይዘው፣ አንዷ ቋሚ ናት እናቴ ደግሞ ኤጀንሲ ናት። ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥባታል። ይግባላት አይግባላት የምታውቀው ነገር የለም።

ስለ ጥራት ስታወሩ ይህንንም አስቡት። በወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቃት ሴት በረኪናውን አንድ ለዘጠኝ እየለካች እንድትቀላቅል ነው የምትጠብቁት።

ደረሰኝ ቁጠሩ

እህቴ፣ የጡረታው መግባት አለመግባት ይጣራል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት መታወቂያዋን ይዛ ትሂድ። ከእሷ 7 ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ መጨመር አለበት። ካልገባ ዕዳው የእሱ ነው።

የለንደኑ በላይ

ይህን ጽሑፍ በሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ ነው የማነበው። እኔም የሆስፒታል ጽዳት ነኝ።

እዚህ እንግሊዝ አገር የሆስፒታል ጽዳት ለጨረታ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ጊዜ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 126 የሆስፒታል ተቋማትን ከ2010 እስከ 2014 ያለውን መረጃ ይዞ አነጻጸረ። ጽዳታቸውን ለግል ድርጅት የሰጡት ርካሽ ሆነው ተገኙ። ኤምአርኤስኤ የሚሉት መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ግን እነሱ ጋ ይበዛል። ወጪው ቀንሶ በሽታው ጨመረ ማለት ነው። ስኮትላንዶች በ2008 «ከአሁን በኋላ አዲስ የጽዳት ውል ለግል የለም» አሉ። ያኔ የጤና ሚኒስትሯ ኒኮላ ስተርጅን ነበረች።

የእኔ የራሴ ነገር ደግሞ ይኼ ነው። በድርጅት ስሠራ ብታመምም እመጣ ነበር። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሲታመም ደሞዙ አይቋረጥበትም፤ እኔ ግን ከቀረሁ ኪሴ ይጎድላል። ጉንፋን ይዞኝ የካንሰር ዋርድ ጠርጌያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ምዕራብ ለንደን ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሚሠሩት ግን አድማ መትተው አሸነፉ። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው ተቋም ሶዴክሶ ከሚባለው ኩባንያ ላይ አንድ ሺህ ያህል የጽዳት፣ የምግብና የበሽተኛ ማመላለስ ሠራተኞችን በ2020 ወደ ራሱ ቅጥር መለሰ። ከእነሱ ውስጥ የእኛ አገር ሰዎች ነበሩበት ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በየትኛው ሆስፒታል ጽዳት ክፍል ነው የእኛ ሰው የሌለው?

ስዋን ወንዝ ዳር

እኔ ፐርዝ ነኝ፣ አውስትራሊያ። የናንተን ጉዳይ ሳነብ የሰፈሬን ሆስፒታል አሰብኩ።

ፊዮና ስታንሊ ይባላል። እሱም እንደናንተው አዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ። ክሊኒካል ያልሆነውን ነገር በሙሉ፣ ከጽዳት እስከ ምግብ እስከ ቴክኖሎጂው ድረስ፣ ሰርኮ ለሚባል ኩባንያ ሰጡት። ማራዘሚያዎቹ ሲደመሩ ውሉ እስከ 20 ዓመት ይሄድ ነበር፤ ዋጋውም 4.3 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። አንዱ ሥራ ደግሞ የኦፕራሲዮን ዕቃዎች ማምከን ነበር። ሲስተር ምን እንደምልሽ ገብቶሻል። በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት መጀመሪያ ላይ፣ ንጹሕ ተብለው የተላኩ ዕቃዎች ላይ ደምና የአጥንት ቁራጭ ተገኘ። መንግሥት የማምከኑን ሥራ ነጥቆ ለራሱ ሰዎች ሰጠ።

ሆስፒታሉ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ልጄ እዚያ ታክሞ ድኗል። ምግቡም ከቤቴ ይሻላል (ባለቤቴ ይህን አታነብም)። ነገር ግን አንድ ሥራ «ክሊኒካል አይደለም» ተብሎ ወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ ክሊኒካል አለመሆኑ አይረጋገጥም።

ሲስተር ነኝ

ይኼው! የአዲሱ ሆስፒታል ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚመክንበት ማሽን) ክፍልም «ላውንደሪና ተያያዥ ሥራዎች» በሚል እንዳይጠቀለል ፈራሁ። ታች ሰፈር፣ ሐሙስ ይህችን ጠይቅልኝ።

ቀጥተኛው

ይሄ ሁሉ የባለሥልጣናት ዘመዶች ኤጀንሲ ስለከፈቱ ነው። እገሌ እኮ…

*[የመድረኩ አስተባባሪ፦ ቀሪው ተሰርዟል። ስም እየጠሩ መክሰስ እዚህ አይቻልም። ማስረጃ ያለው ወደሚመለከተው አካል ይሂድ።]*

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ

ስለ መድኃኒቱ ዝም አልኩኝ እስካሁን፤ አሁን ግን ልግባበት።

ፋርማሲው ለግል ይሰጥ የሚሉ ሰዎች አንድ ጥሩ ምክንያት አላቸው። «ከውጭ ግዙ» የሚለው ወረቀት ሕዝቡን አንገሽግሾታል። የጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ መዋጮውን ከፍሎ ሲመጣ «አሞክሳሲሊን የለም» ይባላል። ውጭ ወጥቶ ከኪሱ ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። እውነቱን ነው።

ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የግል ፋርማሲ ብትከፍቱለት ምን ይፈጠራል? የሚያተርፈው መድኃኒት ይገባል። ርካሹና የማያተርፈው ይቀራል። የነፃ ሕክምና ወረቀት የያዘውስ የት ይሄዳል? የመድን ካርዱን ባለሱቁ ይቀበላል?

ከግል በፊት የተሞከረ መንገድ አለ። ኤፒቲኤስ ይባላል። የተጀመረው እዚሁ እኛ ጋ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ መድኃኒት በዓይነት፣ በብዛትና በዋጋ ይመዘገባል፤ ደረሰኙ ከቆጠራው ጋር ይመሳከራል። ድሮ ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ብር ብቻ ነበር፤ ስንት ፍሬ ክኒን ገብቶ ስንት እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ይህ ሲጀመር የት እንደሚያፈስ ታየ። የሚያስፈልገውን አውቀህ ታዛለህ፤ ጊዜው የሚያልፍበትም ይቀንሳል። በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎችም ሄደ። የቀረው ችግር የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መጋዘን ራሱ ባዶ ሲሆን ነው። ያንን ደግሞ ግቢ ውስጥ የተከፈተ የግል ሱቅ አይፈታውም።

አዲስ አበባ ከነማ መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ የከተማው አስተዳደር ናቸው። ትርፉ የግለሰብ አይደለም። ከተማችሁ ገንዘብ ማዋጣት እንደሚችል አሳይቷል። ለምን ያንን አትጠይቁም?

ገመዱ ረዘመ

ሁላችሁም በግሉ ላይ ዘመታችሁ። እኔ ስለ ሲቲ ስካኑ ልሟገት።

ባለፈው ዓመት አባቴን ስትሮክ መታው። የመንግሥት ሆስፒታሉ ማሽን በሩ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ጠርዙ ተቀዷል። መለዋወጫ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ፣ ከዚያ ግዥ፣ ከዚያ ፈቃድ። በአምቡላንስ ወደ ግል ወሰድነው። ማሽኑ የግል ባለሀብት ቢሆን ኖሮ በቆመ ቁጥር ኪሳራ ስለሆነ በሳምንቱ ያስጠግነው ነበር። እኔ ከኪሴ ለመክፈል ዝግጁ ነበርኩ። የቸገረኝ የምከፍልበት ማሽን ማጣቴ ነው።

ታች ሰፈር

ወንድሜ፣ አባትህን እግዜር ይማርልህ። ነጥብህ ገብቶኛል። ግን አንተ መክፈል ቻልክ። ከጎንህ የነበረው ነፃ ታካሚስ? ባለሀብቱ በነፃ አያነሳውም። ሆስፒታሉ ይክፈልለት ከተባለ ደግሞ ስንት ሰው፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው በጀት የሚለው መጻፍ አለበት።

ገመዱ ረዘመ

እሱ ልክ ነው። ይጻፍ። እኔ ማሽን ይኑር ነው ያልኩት።

የሕዝብ ጤና ተማሪ

«ስንት ሰው፣ በስንት ብር» ስትሉ ሌሶቶ ትዝ አለችኝ። የማስተርስ ጽሑፌን ስሠራ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁባት አገር ናት።

ዋና ከተማዋ ማሴሩ ውስጥ ያረጀ ሆስፒታል ነበር። እሱን የሚተካ፣ ንግሥት ማሞሃቶ መታሰቢያ የሚባል አዲስ ሆስፒታል በጥቅምት 2011 (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ። 425 አልጋ አለው። ሕንጻውንም፣ ሕክምናውንም፣ ሁሉንም ጼፖንግ የተባለ የኩባንያዎች ስብስብ ያዘው። መሪው የደቡብ አፍሪካው ኔትኬር ነበር። ውሉ 18 ዓመት። መንግሥትን ያማከረው የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ነው።

መጀመሪያ መልካሙን ልናገር፤ ካልተናገርኩ አድልዎ ይሆናል። ሕክምናው ተሻሻለ። የሆስፒታሉና የሥሩ ክሊኒኮች የሞት መጠን ከድሮው ጋር ሲነጻጸር በ41 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ተርፏል።

ውሉ ላይ ግን ጣሪያ ነበር። በዓመት 20,000 ተኝቶ ታካሚ፣ 310,000 ተመላላሽ። ከዚያ በላይ ለሚመጣው መንግሥት ተጨማሪ ይከፍላል። ጥሩ ሆስፒታል ሲከፈት ሰው ይጎርፋል እንጂ ይቀንሳል? ጎረፈ፣ ሂሳቡም ናረ። ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2014 ባወጣው ዘገባ አንዱ ሆስፒታል ብቻውን ከአገሪቱ የጤና በጀት 51 በመቶውን እየወሰደ ነው አለ። ዓለም ባንክ ቁጥሩ የተጋነነ ነው ብሎ ተከራከረ። ከቁጥሩ ይልቅ የገጠር ጤና ጣቢያዎችን አስቡ። በ2021 ነርሶቹ የመንግሥት ነርሶችን ያህል ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው 345ቱን አባረረ። በዚያው ዓመት መንግሥት ውሉን አፈረሰ። 18 ዓመት የተባለው ሳይሞላ።

እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ሌሶቶን የጎዳት ግል መግባቱ ብቻ አይደለም። ያንን ውል የሚፈርሙት ሰዎች ቁጥሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሰላላቸው ሰው በእነሱ ወገን አልነበራቸውም ብዬ ነው የማምነው። ከወዲያ በኩል የተቀመጡት ግን ሥራቸው ይኸው ነበር።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ቅጂ አድርጌ ለቦርዱ ሰብሳቢ ልልክ ነው። እኔም በፈረምኩ ቀን ከወዲያ ጠበቃ ነበር። ከወዲህ እኔና እስክሪብቶዬ።

ማኪያቶ ነጭ

እኔ ለቀልድ ነበር የገባሁት። አሁን አንብቤ ስጨርስ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ታች ሰፈር (ሐሙስ ማታ)

ከስብሰባው መመለሴ ነው። እንደቃሌ ልንገራችሁ።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዳምጥ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጽዳት፣ ጥበቃና ምግብ በጨረታ እንደሚወጡ አመኑ። ፋርማሲው «ገና ጥናት ላይ ነው» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሲቲ ስካኑን ባለሀብት ሊያመጣው እንደሆነም ተናገሩ።

የሲስተርን ጥያቄ አነሣሁ። ኦቶክሌቩ የማን ነው? አጠገባቸው ያለውን ሰው አዩ፤ እሱ ወረቀት ገለበጠ፤ «ከላውንደሪ ጋር ነው» አለ። የቀድሞው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ከኋላ ተነሥተው «በምን ሂሳብ!» ብለው ጮኹ። ሰብሳቢው ይህ እንዲወጣ አደርጋለሁ ብለው ጻፉት። የሜትሮኗን ፊርማም ጻፉት። ጋሼ ጡረተኛው፣ ስምዎን ሳልጠራ ነው የተናገርኩት።

የፋንቱ ልጅ፣ የእናትሽን ነገርም አንሥቼዋለሁ። ኤጀንሲው ለሠራተኛው የሚከፍለው ከመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ አይነስ፣ ጨረታው ላይ ይጻፍ አልኩ። «ዋጋው ይንራል» ተባልኩ። አንዲት ሴት ብድግ ብላ «እኛ ስናዋጣ ዋጋው ንሮ አልነበረም?» አለች። ጭብጨባው አልቆም ብሎ ነበር። መልስ ግን አላገኘንም። ይህ ገና ነው።

በመጨረሻ ሦስት ሰው ከሕዝቡ ተመርጦ ረቂቅ ውሎቹን ከመፈረማቸው በፊት እንዲያይ ተስማሙ። አንዱ እኔ ሆንኩ፤ መናገር የለመደ ሰው ዕጣው ይኼው ነው። ኮፒውን ሰጡን። የሲቲ ስካኑ ብቻ 60 ምናምን ገጽ ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ከተመረጥነው አንዱ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክመን ያሉት አባት ናቸው። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱልኝ።

እስከ ሰኞ ነው ጊዜ የሰጡን። የሕዝብ ጤና ተማሪ፣ ክፍያውን የሚመለከተውን ክፍል አንተ ብታይልኝ? ሲስተር የላውንደሪውን። ሕግ የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ «ውል ማቋረጥ» የሚለው ስምንት ገጽ ነው፤ አንብቤው ምንም አልገባኝም።

ሲስተር ነኝ

ላክልኝ። ነገ ሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል።

የሕዝብ ጤና ተማሪ

እኔም አለሁ። መጀመሪያ ጣሪያ የሚል ቁጥር ፈልግ፤ ካገኘህ ክበበው።

ታች ሰፈር

እሺ። አሁን መብራት ሄዷል፤ ስልኬም 12 በመቶ ላይ ነው። ሲመጣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ።